አስካለ የጀመረችው ማቀፊያ

ባለፈው ሳምንት ልጄን ልጠይቅ ከአቃቂ ወደ ኮዬ ፈጬ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር አጠገቤ ተቀመጠች። ወንበሩ ገና ሳይሞቃት ከቦርሳዋ ቢጫ ክርና ኪሮሽ አወጣች፤ ስልኳን ጭኗ ላይ አቁማ፣ ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት የምታሳያትን እያየች የሕፃን ማቀፊያ መሥራቷን ቀጠለች። ክሩ ከሱቅ የተገዛ አዲስ ነው፤ ገና የላስቲኩ ሽታ አልለቀቀውም። ሥራዋን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ከታች ሰፊ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ግን በግራ በኩል ሸርተት ሸርተት እያለ ይጠብባል። የመስመሩን የመጨረሻ ዓይን እየዘለለች ነው። እኔ ሰልፍ የሰበረን ሰው፣ ጎረምሳም ይሁን ሹም፣ እጅጌውን ይዤ ወደ ኋላ የምመልስ ሴት ነኝ፤ ልጆቼ ከእኔ ጋር ታክሲ መጠበቅ ያፍራሉ። ያን ቀን ግን አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እሷም ወረደች፣ እኔም ወረድኩ። የልጄን ቤት ደረጃ እስከ አራተኛ ፎቅ ስወጣ ያደከመኝ ጉልበቴ አልነበረም። አፍንጫዬ ውስጥ የራሰ ሱፍ ሽታ ገብቶ አልወጣም አለኝ።

ያ ሽታ የአቃቂ ክረምት ሽታ ነው፤ የአሥራ ስድስት ዓመቴ ሽታ። መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ነው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ቤት ተቀምጬ ነበር። እኛ የምንኖረው አቃቂ በሰቃ በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ሐዲዱ ብዙ ሳንርቅ፣ አራት ቤት አንድ የውኃ ቧንቧ በሚካፈልበት ግቢ ነው። ክረምት ሲገባ የግቢያችን ዋልካ ጫማ ይውጥ ነበር፤ አንድ ጊዜ የግራ እግር ጫማዬን ሐምሌ ላይ ወስዶ መስከረም ላይ መለሰልኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገረው በጩኸት ነው፤ ለዚህ ይመስለኛል የአቃቂ ልጅ እስከ ዛሬ ድምፁ ከፍ የሚለው።

ከግቢያችን ቤቶች ትልቋ በረንዳ የእትዬ ወርቅነሽ ነበረች። እትዬ ወርቅነሽ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከሃያ ዓመት በላይ የጨርቅ ጥራት ሲመረምሩ ኖረው በጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ጨርቁ ፊታቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ ሲያልፍ ክር የተበጠሰበትን፣ የሳሳውን፣ የተደራረበውን በጠመኔ ምልክት ማድረግ ነበር ሥራቸው። ጡረታ ሲወጡ ጠረጴዛውን ትተው ጠመኔውን ይዘው መጡ። የሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ቁራጭ ነበረች፤ የአንዷ ጎረቤት ቀሚስ ጫፉ ከተዛባ፣ ቤተ ክርስቲያን እየሄደችም ቢሆን፣ ጎንበስ ብለው ምልክት ያደርጉባትና «ስትመለሺ ተርትረሽ ስፊው» ብለው ያልፋሉ። ማንም አይቀየማቸውም። የራሳቸውን ቀሚስም ምልክት አድርገውበት ያውቃሉና።

በዚያ ክረምት ሦስታችንን ሰብስበው ኪሮሽ ሊያስተምሩን ተነሡ። አንዷ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ ሳዲያ፣ ጥግ ላይ ሱቅ ያላቸው የስልጤው ነጋዴ ልጅ፣ የዕድሜ እኩያዬ ናት። ሦስተኛዋ አስካለ፣ እናቴ የጓሮዋን ክፍል ያከራየቻት፣ የአሥር ወር ሴት ልጅ የታቀፈች የሃያ ዓመት ሴት።

ክር የሚሸጥ ሱቅ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ለእኛ አልነበረም። የእኛ ክር ያረጀ የሰልባጅ ሹራብ ነው። ሹራብ ስንመርጥ ስፌቱን ገልብጠን ማየት ነበረብን፤ ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ ከሆነ ስትፈቺው እፍኝ ሙሉ ብጥስጣሽ ነው የምታገኚው፣ በእጅ የተያያዘ ከሆነ ግን ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ወገቡ ሳይበጠስ ይወርዳል። ሳዲያ ጫፉን ይዛ ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ ትሮጣለች፣ እኔ የወንበር መደገፊያ ላይ እጠቀልላለሁ። የተፈታ ክር ከርዳዳ ነው፤ የኖረበትን ቅርፅ ቶሎ አይረሳም። አጥበን፣ ከታች ድንጋይ አንጠልጥለንበት፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር እንሰቅለዋለን። በክረምት አራትና አምስት ቀን አይደርቅም፤ ግቢው በሙሉ በግ በግ ይሸታል። ሳዲያ አፍንጫዋን ይዛ «እንዲያው ይሄ በግ ከሞተ ስንት ዓመቱ ነው?» ትል ነበር። ኪሮሾቻችንን ደግሞ ብረት የሚሠራ ጎረቤታችን ከወፍራም ሽቦ ሞርዶ ሠራልን፤ የሳዲያ ኪሮሽ ጫፏ ትንሽ ስለ ጎበጠች ያጠፋችውን ሁሉ በኪሮሿ ታሳብብ ነበር።

ለጀማሪ ከሕፃን ማቀፊያ የቀለለ ሥራ የለም፣ ይሉን ነበር እትዬ ወርቅነሽ፤ አበባ የለው፣ ጥለት የለው። ሰማንያ ሰንሰለት መጣል፤ መመለስ፤ በእያንዳንዱ ዓይን አንድ አንድ መሥራት፤ ጫፍ ሲደርሱ በአንዲት ሰንሰለት ከፍ ብሎ መዞር። ይኸው ነው፤ እስኪያልቅ ይኸው ነው። ችግሩ ያለው ጫፍ ላይ ነው። የመጨረሻዋ ዓይን መታጠብ እንደማይወድ ልጅ ከመዞሪያው ሥር እጥፍጥፍ ብላ ትደበቃለች፤ ጀማሪ አያያትም፣ አለቀ ብሎ ይዞራል። አንድ ቢጎድል ማንም አያውቅም። ሁለት ቢጎድል ማንም አያውቅም። ሃያ መስመር ከሠራሽ በኋላ ግን አራት ማዕዘን ብለሽ የጀመርሽው ነገር ወደ ድንኳን ጫፍ እየሄደ ታገኚዋለሽ። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር ሲያልቅ ይቆጠራል። ከጎደለ፣ ጉድለቱ እስከ ጀመረበት ድረስ ይፈታል፤ የምትፈታውም ራሷ የሠራችው ናት። ይህ የበረንዳው ሕግ ነበር።

እኔ ሦስት ጊዜ ፈትቻለሁ። በሦስተኛው ከሠላሳ መስመር በላይ ነበር፤ አለቀስኩ። እትዬ ወርቅነሽ ራሴን ዳበስ አደረጉና «እንባሽን ጥረጊና ሰማንያ ጣይ» አሉኝ። ሳዲያ ሁለት ጊዜ ፈታች፤ ደግሞ እጇ ጥብቅ ስለሆነ የሷ ማቀፊያ መሬት ላይ ሲቀመጥ እንደ ቆርቆሮ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። እኔ ግን ያንን ሕግ ወደድኩት፤ ያስለቀሰኝን ሕግ። ለምን ብትሉኝ፣ ወንድሜም የስምንተኛን ፈተና ወድቆ ነበር። እሱ ዩኒፎርም ተሰፍቶለት ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰ፤ እኔ ቤት ቀረሁ። ለሁሉም እኩል የሆነ ሕግ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በእትዬ ወርቅነሽ በረንዳ ላይ ነው፤ ጉድለት ካለ ይፈታል፣ የማንም ልጅ ሁኚ።

አስካለ ግን ለመማር ብላ አልነበረም የተቀመጠችው። ባሏ ወታደር ነበር። በመጨረሻው ጦርነት ወደ ሰሜን ሄዶ፣ ሌሎቹ እየተንጠባጠቡ ሲመለሱ እሱ አልተመለሰም፤ ሞተ ብሎ የነገራት የለም፣ አለ ብሎ የነገራትም የለም። ልጅቷ የተወለደችው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ስሟን ምትኬ ያሏት የባሏ እናት፣ የምንጃሯ እማማ ዘነቡ ናቸው። አስካለ የሰው ልብስ እያጠበች ከርማ አልሆን ሲላት፣ የአገሯ ልጅ ጅቡቲ ሰው ቤት ሥራ አገኘችላት። ሕፃን ይዞ መሄድ አይቻልም። መስቀል ካለፈ በሳምንቱ እማማ ዘነቡ መጥተው ልጅቷን ሊወስዱ፣ አስካለም ከዚያ በባቡር ልትሄድ ተቆርጧል። ግቢው ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር፤ አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሽም።

ማቀፊያውን የጀመረችው ልጅቷ ይዛው እንድትሄድ ነው። አንድ ቀን ክር እየጠቀለልን ሳለ ሳዲያ «ምን አስጨነቀሽ፣ ከመርካቶ አንድ ብርድ ልብስ ብትገዢላትስ?» አለቻት። አስካለ ሳቀች። «ጡቴን ትረሳዋለች፤ ፊቴንም ትረሳዋለች። እጄን ግን ትለብሰዋለች» አለች። እኔ ይህን ሰምቼ ክሩን መጠቅለሌን ቀጠልኩ። አሥራ ስድስት ዓመት ጆሮ አለው፣ ሌላ ነገር የለውም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ የአስካለ ሥራ ጠርዙ እየጠበበ መሄዱን አየሁ። መጀመሪያ እትዬ ወርቅነሽ ያላዩት መስሎኝ ነበር። አይተዋል። ከቀን ወደ ቀን የእኛን ሥራ ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዓይን በዓይን ሲቆጥሩ፣ የአስካለን ሲቀበሉ በመዳፋቸው ዳበስ ያደርጉና ዓይናቸውን ወደ ዝናቡ መልሰው «ጎሽ፣ ቀጥይ» ይሏታል። ሁለት ሳምንት ቻልኩት። ከዚያ አንድ ከሰዓት፣ ዶፉ ጋብ ብሎ ሦስታችንም በረንዳው ላይ እያለን፣ ምትኬም መሐላችን እየዳኸች የክር ኳስ ስታባርር፣ አልቻልኩም።

«እትዬ፣ የአስካለ አይቆጠርም እንዴ?»

ሳዲያ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

«የሷ ነገር ይለያል፣ ጽጌ» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ሕጉ ለሁላችን ነው ብለዋል እኮ። የኔ ሦስት ጊዜ ተፈቷል።»

እትዬ ወርቅነሽ መነጽራቸውን ከደረታቸው አንሥተው አደረጉ። ሥራውን ከአስካለ እጅ ተቀበሉና የላይኛውን መስመር መቁጠር ጀመሩ፤ ከንፈራቸው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ሲጨርሱ «ስልሳ አንድ» አሉ። አስካለ ልትስቅ ሞከረች። «ለሕፃን እኮ ነው፣ እትዬ፤ ጠበብ ቢል ምን ይላታል?» አለች። ማንም አብሯት አልሳቀም። እትዬ ወርቅነሽ ሥራውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ይኸ ሁሉ ዓመት አልፎ ያ አስተያየት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

«አንቺ ነሽ ያነሣሽው። ምን ይደረግ ትያለሽ?»

«ይፈታ» አልኩ።

ማቀፊያው ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው፤ ጉድለቱ የጀመረው ግን ሰባተኛው መስመር ላይ ነበር፤ ከሥራው የሚተርፈው አራት ጣት አይሞላም። አስካለ አልተከራከረችም። ኪሮሿን አወጣችና ሳበች። ክር ሲፈታ የሚያሰማት አንዲት ድምፅ አለች፣ ጥርርር የምትል፤ በሌላ ጊዜ ደስ ትላለች። ምትኬ ደስ አላት። ክሩ ሲመዘዝ ጨዋታ መስሏት እያጨበጨበች ልትይዘው ትንፏቀቅ ጀመር፤ እናትየዋ በሳበች ቁጥር ትንከተከታለች። ግቢው ውስጥ የሚሰማው የእሷ ሳቅ ብቻ ነበር።

ያን ምሽት እናቴ እራቴን አስቀምጣልኝ ጀርባዋን ሰጠችኝ። እኔ ግን ልክ እንደሆንኩ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ኩራትም ተሰምቶኛል፣ ይህንንም አልደብቅም። ኩራቱ የቆየው ሦስት ቀን ነው። በአራተኛው ቀን ማለዳ አስካለ በግድግዳው ማዶ «ሰባ ስምንት... ሰባ ዘጠኝ...» ስትል ሰማኋት። ጭቃ ግድግዳው ስስ ነው፤ የልጅቷም ትንፋሽ ይሰማል። ቀን ቀን ታጥባለች፣ ሳሙናው ጣቶቿን ሰነጣጥቆታል፤ ክሩ ስንጥቁ ውስጥ እየገባ ስለሚይዛት ጣቷን በምራቋ እያራሰች ነበር የምትሠራው። በቀን ሁለት መስመር፣ ሲሳካላት ሦስት። ስንት ቀን እንደቀረ እኔም በጣቴ ቆጠርኩ። አይደርስም።

ስለዚህ የባሰውን አደረግኩ። አንድ ቅዳሜ ልጇን አዝላ ልብስ ልታጥብ ወንዝ ስትወርድ፣ ክፍሏ ገብቼ ማቀፊያውን ከአልጋው ላይ አነሣሁና እስክትመለስ ተቀምጬ ሠራሁ። አሥራ ሁለት መስመር። እያንዳንዱን ቆጠርኩ፤ እያንዳንዱ ሰማንያ ነው። ስትመለስ ልትደሰት ነው ብዬ በር ላይ ጠበቅኳት። እርጥቡን ልብስ አስቀምጣ፣ ሥራውን አንሥታ አውራ ጣቷን በላዩ ላይ አሳለፈች። አልቆጠረችም። የእኔ እጅ ከሷ ይልቅ ጥብቅ ነው፤ የሠራሁት ቦታ ላይ ጨርቁ እንደ ቀበቶ ገባ ብሎ ነበር።

«ይሄ የማን ነው?»

«ላግዝሽ ብዬ ነው። ሁሉም ሰማንያ ነው፣ ቁጠሪው።»

«ልክ እንደሆነማ አውቃለሁ፣ ጽጌ» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። «ግን የኔ አይደለም።»

ቆማ፣ ፊቴ፣ አሥራ ሁለቱን መስመር ሳበችው።

እማማ ዘነቡ ከቀጠሮው ስድስት ቀን ቀድመው፣ በመስቀል ማግስት ጠዋት መጡ። ሽንኩርት የጫነ መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ስላገኙ፣ ይህ ካመለጠኝ ሌላ አላገኝም ብለው ነው። መኪናው አራግፎ እኩለ ቀን ሳይሆን ይመለሳል። ልጠላቸው ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልቻልኩም። ቀጭን ሴት ናቸው፣ ለልጃቸው የለበሱት ጥቁር በፀሐይ ወደ ቡኒ ተለውጧል፤ አስከሬን አላዩምና መቼ እንደሚያወልቁት የሚነግራቸው የለም። በእጃቸው የፈተሉትን ጋቢ ይዘው መጥተዋል። ምትኬን ተቀብለው አንገቷን አሸተቱ። «አባቷን፣ አባቷን ትሸታለች» ብቻ ነበር የሚሉት። አስካለ የልጇን ልብስ በፌስታል ስትከት እኔና እትዬ ወርቅነሽ በሩ ላይ ቆመናል።

ማቀፊያው አልጋው ላይ ነበር፤ ከነኪሮሹ፣ ከነክሩ። ስፋቱ ሙሉ ነው፣ ቁመቱ ግን ክንድ አይሞላም፤ የሕፃን ጉልበት ቢሸፍን ነው። እማማ ዘነቡ አዩት።

«ይሄ ምንድነው፣ ልጄ?»

አስካለ እጇ ቆመ። አንድ ቃል ብትናገር ሴትየዋ አጥፈው በደስታ ይወስዱላት ነበር፤ እንደዚያ ያሉ ሴት ናቸው።

«ምንም አይደለም፣ እማማ። መለማመጃ ነው» አለችና ትራስ ሥር ሸጎጠችው።

እትዬ ወርቅነሽ ፊታቸውን ወደ ግቢው አዞሩ። ልጅቷ በአያቷ ጋቢ ተጠቅልላ ሄደች። ሽንኩርቱን ባራገፈው መኪና ጋቢና ውስጥ ስትገባ አላለቀሰችም፤ መሪውን ልትይዝ እጇን ትዘረጋ ነበር።

አስካለ ልጅቷ በሄደች በዘጠነኛው ቀን በባቡር ሄደች። ጣቢያ የሸኘናት እኔና ሳዲያ ነን። ሳዲያ ከአባቷ ሱቅ ብስኩት ሰርቃ በጋዜጣ ጠቅልላላት ነበር። እኔ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም፤ ይቅርታም አልጠየቅኳት። እሷ ራሷ አቀፈችኝ፤ ጆሮዬ ሥር «በኔ የተነሣ አትዘኚ። ልክ ነበርሽ እኮ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ አየኋት፤ ፊቷን ወደ ውስጥ አዙራ አንገቷን ደፍታለች፣ ክርኗ ይንቀሳቀስ ነበር። ኪሮሽ እየሠራች ይሁን እንባዋን እየጠረገች ከዚያ ርቀት አይለይም።

ከዚያ ወዲያ ስለ እሷ የሰማ የለም። እትዬ ወርቅነሽ ዓይኔ ደከመ ብለው በረንዳው ላይ ማስተማሩን ተዉ፤ ጠመኔዋም ከሽርጣቸው ኪስ ጠፋች፣ የሰው ቀሚስ ቢንጋደድም አይተው ያልፉ ጀመር። ሳዲያ አግብታ ራቀች። ባቡሩም በዚያ መሥመር መምጣት አቆመ፤ ሐዲዱ ላይ ሣር በቀለ፣ ግቢያችንም ፈርሶ ሌላ ቤት ቆመበት።

የእኔ ማቀፊያ አለ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ጨረስኩት። አራት ልጅ አሳድጌበታለሁ፣ አሁን የልጅ ልጅ ይዟል። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፤ ቁጠሩት ብላችሁ ብትቆጥሩት አንድ ዓይን አይጎድልም፣ ሰው ሁሉ ያመሰግነኛል። ስመሰገን አጣጥፌ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።

ስለ ፍትሕ ዛሬም እከራከራለሁ፤ አልተለወጥኩም፣ የምለወጥም አይመስለኝም። ሕጉ ትክክል ነበር። ግን እኔና ሳዲያ የምንሠራው ክር ነበር፤ አስካለ የምትሠራው ከልጇ ጋር የቀራትን ቀን ነው፤ ክር ቢፈታ መልሶ ይሠራል፣ ቀን አይሠራም። ሁለቱን በአንድ ቁጥር ለካኋቸው።

ምትኬ በሕይወት ካለች ዛሬ ሠላሳን ያለፈች ሴት ናት፤ ምንጃር ትሁን ከተማ፣ ወልዳ ትሁን ሳትወልድ፣ አላውቅም። እናቷ ትታት እንደሄደች ሰምታ ሳታድግ አትቀርም፤ ይህ ሐሰት አይደለም። ያልሰማችው ያቺ እናት በሳሙና የተሰነጠቀ ጣቷን እያራሰች፣ በየማለዳው ለእሷ ብላ ስትቆጥር እንደነበር ነው። ያንን ሊነግራት የሚችል አንድ ነገር በዚህ ዓለም ላይ ነበር፤ ጠባብ ነበር፣ ወደ አንድ ጎኑ ያዘነበለ፣ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው። እኔ ይፈታ አልኩ።